ለቱሳን የሚገባውን ለቱሳን፦ ስለ አባ ሰንጋ ክትባት አጀማመር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሉዊ ፓስተርና ስለ አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ክትባት አጀማመር የተጻፈ፣ የመጀመሪያው ፓስተር ነው የሚል አንድ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ፓስተርን ማወደሱ ቅር አላሰኘኝም፤ ይገባዋል። ያንገበገበኝ ስለ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ስለ አንሪ ቱሳን የተባለው ነው። ጸሐፊው የቱሳንን ስም የሚያነሡት በአንዲት አንቀጽ ብቻ ቢሆንም በዚያችው አንቀጽ አምስት ነገር ይሉበታል። አንደኛ፣ የፓስተርን ሥራ ቀድቶ ለመቅደም የተጣደፈ ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ ክትባቱ በጎች ስለገደለ ከሽፏል። ሦስተኛ፣ የሠራው ነገር ምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም። አራተኛ፣ በ1881 ፑዪ ለ ፎር በተባለው የፈረንሳይ መንደር የተደረገው የፓስተር ክትባት ሙከራ ክርክሩን አንዴ ለሁልጊዜ ዘግቶታል። አምስተኛ፣ ቱሳን የክፍለ ሀገር የፈረስ ሐኪም እንጂ ሳይንቲስት አልነበረም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝና ይህን አንብቤ ማለፍ አልሆነልኝም። ከአምስቱ ነጥቦች አንዱ ግማሽ እውነት አለው፤ እሱን በቦታው እቀበላለሁ። የቀሩት ግን ከቀንና ከሰነድ ጋር ይጋጫሉ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አምስተኛውን ላስቀድም፤ ሌሎቹ አራቱ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ሰውየው አንዴ "የፈረስ ሐኪም" ከተባለ በኋላ ሥራውን ማጣጣል አይከብድም።

ቱሳን የተወለደው በ1847 በምሥራቅ ፈረንሳይ በቮዥ አውራጃ፣ ሩቭር ላ ሼቲቭ በምትባል መንደር ነው። የተማረው ሊዮን ነው። የሊዮን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በክሎድ ቡርዥላ አማካይነት በ1761 የተፈቀደ፣ በዓለም የመጀመሪያው የዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ነው። ቱሳን በገባበት ጊዜ ደግሞ የኦጉስት ሾቮ ቤት ነበር። ሾቮ ማለት ከኤቲየን ዡል ማሬ ጋር ሆኖ በቁሙ ባለ ፈረስ ልብ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ግፊቱን የለካ ሰው ነው፤ የዛሬው የሰው ልብ ምርመራ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚደርሰው እዚያ ፈረስ ላይ ነው። ቱሳን በ1869 ተመርቆ በዚያው በሾቮ ሥር ሠራ። በ1876 የቱሉዝ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የአካል አወቃቀርና የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከእንስሳት ሕክምናው ዲፕሎማ ሌላ በሳይንስም በሰው ሕክምናም የዶክትሬት ማዕረግ ነበረው። ይህ ሰው ሳይንቲስት ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ወደ ጀርም ምርምር ከመግባቱ በፊት የሠራውን አንድ ነገር በዝርዝር ልንገር፤ አእምሮው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። በሬ ሲያመሰኳ ያላየ ሰው በአገራችን የለም። ከብቱ ተኝቶ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ አንገቱ ላይ አንድ ነገር ሽቅብ ሲሮጥ ይታያል፤ ወዲያው መንጋጋው መሥራት ይጀምራል። ያ የተዋጠ ሣር ከሆድ ወደ አፍ የሚመለሰው በምን ኃይል ነው? ከሱ በፊት የነበሩ ብዙዎች ሆድ ራሱ ተጨምቆ እንደሚገፋው ያስቡ ነበር። ቱሳን የማሬን የመቅረጫ ዘዴ ወስዶ፣ ትንፋሽንና ግፊትን በሚሽከረከር ወረቀት ላይ በመስመር በሚጽፍ መሣሪያ የከብቱን ደረትና ጉሮሮ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ቀረጸ። ያገኘው ይህን ነው፦ ከብቱ የአየር ቧንቧውን አፍ ዘግቶ አየር ለመሳብ ይሞክራል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አየር ግን አይገባም፤ ስለዚህ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ይወርዳል፤ ከጨጓራው አፍ አጠገብ ያለው ጉርሻም ወደ ምግብ ቧንቧው ይሳባል። ማለት ሣሩን ወደ ላይ የሚያመጣው ከታች የሚገፋ ሳይሆን ከላይ የሚስብ ኃይል ነው። ዛሬም የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ተማሪ ስለ ማመስኳት የሚማረው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

በዚያው ዘመን ሶሉትሬ በተባለው ዓለት ሥር የተገኘውን ለቁጥር የሚያታክት የፈረስ አጥንት መርምሮ ጽፏል። ፈረሶቹ የተገሩ ነበሩ የሚለው ድምዳሜው አልጸናም፤ የታደኑ እንደነበሩ በኋላ ታውቋል። ቢሆንም የጥንት ሰው ትቶት የሄደውን የፈረስ አጥንት ዕድሜና አኳኋን እየለየ ለመመርመር ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ደግሞስ የሙያ ነገር ከተነሣ፣ ፓስተር የምን ሐኪም ነበር? ኬሚስት ነበር። በእንስሳት በሽታ ውስጥ ሲገባ እጁን ይዘው ያስገቡት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የነበረው አንሪ ቡሌ በፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ውስጥ ጠበቃው ሆነ። የእብድ ውሻ በሽታን ጥንቸል ላይ በማስተላለፍ ለቤተ ሙከራ እንዲመች ያደረገው፣ በ1881ም በደም ሥር የተወጋ የታመመ ውሻ ምራቅ በጎችን ከበሽታው እንደሚያስጥል ያስታወቀው የሊዮኑ ፕሮፌሰር ፒየር ቪክቶር ጋልቲዬ ነው። ፓስተር ዮሴፍ ሜስተር የተባለውን ሕፃን የከተበው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ በ1885 ነው። የአባ ጎርባን ክትባት የሠሩት አርልዋን፣ ኮርንቨንና ቶማስም እንስሳት ሐኪሞች ነበሩ። "የፈረስ ሐኪም ብቻ" የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ አብሮ ነው የሚጥላቸው።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ፤ ቱሳን ከፓስተር ቀዳ ወደሚለው።

ቀኑን በተራ እናስቀምጠው። በ1878 ማብቂያ ላይ ቱሳን በዶሮ ኮሌራ ላይ ይሠራ ነበር፤ የበሽታውን ጀርም ለይቶ በበሽታው ከሞተ እንስሳ የወሰደውን ናሙና ለፓስተር ላከለት። ፓስተር በዶሮ ኮሌራ ላይ የሠራው ዝነኛ ሥራ፣ ማለትም የተዳከመ ጀርም ዶሮን ከበሽታ እንደሚያድን ያሳየበት ጥናት የተነሣው ከዚያ ናሙና ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲጀመር ሰጪው ቱሳን፣ ተቀባዩ ፓስተር ነበር። ያ ባክቴሪያ በኋላ በፓስተር ስም ፓስተሬላ ተብሎ ተሰየመ።

በ1880 ፌብሩዋሪ ፓስተር የዶሮ ኮሌራ ውጤቱን ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የተዳከመ ጀርም መከላከያ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ለቱሳንም መንገድ እንዳሳየው አልክድም፤ ማንም የዘመኑ ሰው ያንን ሰምቶ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ነገር ግን ፓስተር ጀርሙን እንዴት እንዳዳከመው በዚያን ጊዜ አልተናገረም። ምስጢሩን፣ ማለትም ጀርሙን ለአየር አጋልጦ ለረጅም ጊዜ ማቆየቱን ለአካዳሚው የገለጠው በኦክቶበር 1880 ነው። ቱሳን የራሱን የአባ ሰንጋ ክትባት ያስታወቀው ደግሞ ጁላይ 12 ቀን 1880 ነው። ጸሐፊው "ቀዳ" ሲሉ፣ በጁላይ የተጻፈ በኦክቶበር ከተነገረ ነገር እንዴት ሊቀዳ እንደቻለ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። በዘዴም ቢሆን አይገናኙም፤ የፓስተር አየርና ጊዜ ነው፣ የቱሳን ሙቀት ነው።

ቱሳን ጁላይ 12 ውጤቱን በቡሌ በኩል ሲያቀርብ ዘዴውን በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። በጊዜው የተለመደ አሠራር ቢሆንም ወቀሳ አስነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ በኦገስት መጀመሪያ ፖስታው ተከፍቶ ዘዴው ታተመ። ፓስተር በዚያ ክረምት አርቧ በተባለው ያደገበት ከተማ ዕረፍት ላይ ነበር። ዜናው ሲደርሰው ለቡሌ በጻፈው ደብዳቤ እጅግ እንደተደነቀና ነገሩ የራሱን አስተሳሰብ ሁሉ እንደሚገለብጥበት ገልጿል። ረዳቶቹን ሻምበርላንንና ሩን ወዲያው የቱሳንን ሙከራ እንዲፈትሹ አዘዘ። ፓስተር የራሱን የአባ ሰንጋ ክትባት ለአካዳሚው ያቀረበው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1881 ነው። ከቱሳን ሰባት ወር በኋላ።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ሰው መጨመር አለበት። በዚያው በ1880 ለንደን ውስጥ በብራውን ተቋም ይሠራ የነበረው ዊልያም ስሚዝ ግሪንፊልድ የአባ ሰንጋን ጀርም ደጋግሞ በማራባት አዳክሞ ከብቶችን ለመከላከል ሞክሯል፤ ቀዳሚው እሱ ነው የሚሉ አሉ። ይህም ቢሆን ጸሐፊውን አይረዳቸውም፤ "የመጀመሪያው ፓስተር ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል ይሰነጠቃል እንጂ።

ክትባቱ ከሽፏል የሚለውን እንይ። ግማሽ እውነት ያልኩት ይህንን ነው።

ቱሳን ያደረገው እንዲህ ነው። በአባ ሰንጋ ሊሞት ከተቃረበ ወይም ወዲያው ከሞተ እንስሳ ደም ይወስዳል። ደሙ እንዳይረጋ እየመታ ክር ክሩን ያወጣዋል። መጀመሪያ ላይ ደሙን በተደራረበ ወረቀት አጥልሎ ሞከረ፤ ይህ አላስተማመነውም፤ አንዲት ዘንግ መሰል ጀርም ካመለጠች እንስሳውን ትገድላለች። ስለዚህ ደሙን በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ አሞቀው። ይህን በውሾችና በበጎች ላይ ወጋ። ከዚያ ትኩስ የአባ ሰንጋ ደም ሲወጋባቸው ያልተከተቡት ሞቱ፣ የተከተቡት ግን ቆሙ። የጁላዩ ማስታወቂያ ይህ ነበር።

በኦገስት ፓሪስ አጠገብ በቫንሴን፣ በአልፎር ትምህርት ቤት ሥር፣ 20 በጎች ከተበ። አራቱ በክትባቱ ምክንያት በአባ ሰንጋ ሞቱ። ይህ እውነት ነው፤ ከ20 በግ አራት የሚገድል ክትባት ለገበሬ አይሰጥም። ጸሐፊው ግን እዚህ ላይ ያቆማሉ። የቀሩት 16ቱ ታመው ተነሡ፣ በኋላም ገዳዩን ደም ተወግተው አልሞቱም። ማለት መከላከያው ተገኝቷል፤ የጎደለው መጠኑን መቆጣጠር ነበር። ይህንን ቱሳን ራሱ አይቶ በዚያው ወር ሬምስ ላይ በተደረገው የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ደሙን በሙቀት ፈንታ በካርቦሊክ አሲድ ማከም የተሻለ መሆኑን አቀረበ። ያንን ካርቦሊክ አሲድ አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

የከሸፈ የሚባለው እንስሳ የሞተበት ሁሉ ከሆነ ደግሞ የፓስተርም ክትባት በዚያው መለኪያ ይወድቃል። በ1882 ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ያለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የፓስተርን ክትባት ሲፈትን የተከተቡትም ያልተከተቡትም በጎች ሞቱ። ፓስተር ለፈተናው የተወሰደው ደም ከሞተ የቆየ በግ ስለሆነ በሌላ ጀርም ተበክሏል ብሎ ከቱሪን ሰዎች ጋር ብዙ ተከራከረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ የክትባት ጭነት ከልክ በላይ ጠንክሮ መንጋ የገደለባቸው፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ደክሞ ምንም ያልጠቀመባቸው ቦታዎች ነበሩ። ፓስተር ግን ተቋም፣ ረዳቶች፣ ገንዘብና ጊዜ ነበረው፤ አስተካከለው። በ1894 ገደማ ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ በጎች ተከትበው ነበር፤ በበሽታው የሚሞተውም ከመቶ አሥር አካባቢ የነበረው ከመቶ አንድ በታች ወረደ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ የፓስተር ቤትም ሥራ ነው። ቱሳን ይህን አልሠራም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የነርቭ ሕመም ያዘው፤ ማሰብም መሥራትም እየከለከለው ሄዶ በኦገስት 1890 ቱሉዝ ውስጥ በ43 ዓመቱ ሞተ። ከሊዮን ከተመረቀበት እስከ ታመመበት ድረስ በሙሉ ኃይሉ የሠራው አሥር ዓመት ብዙም አያልፍም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የሠራው አልገባውም የሚለው፣ ከሁሉ የበለጠ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ፓስተርም አልገባውም ነበር። በ1880 የገባው ሰው የለም።

ፓስተር የሚያስበው እንዲህ ነበር፦ ጀርሙ በሰውነት ውስጥ የሚፈልገውን አንድ ንጥረ ነገር በልቶ ይጨርሳል፤ ሁለተኛ ሲመጣ የሚበላው አያገኝም፤ እንስሳው የዳነው በዚህ ነው። ስለዚህ መከላከያ የሚሰጠው በሕይወት ያለ ጀርም ብቻ ነው አለ። ቱሳን ደግሞ በሙቀት ጀርሙን ገደልኩት፣ የሚከላከለው በደሙ ውስጥ የቀረው ነገር ነው ብሎ አሰበ። በሱ ሙቀት ጀርሙ ሁሉ አልሞተም፤ የአራቱ በጎች ሞት ይህንን አሳየ፤ ሻምበርላንና ሩም አረጋገጡ። በዚህ በኩል ፓስተር ትክክል ነበር፣ ቱሳን ተሳስቷል።

ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። የፓስተር "ምግቡ አለቀ" የሚለው ሐሳብ ጭራሽ ቀረ፤ ዛሬ የሚያነሣው የለም። ጀርሙ ባይኖርም ከጀርሙ የወጣው ንጥረ ነገር መከላከያ ይሰጣል የሚለው ደግሞ ቆመ። በ1886 አሜሪካውያኑ ዳንኤል ሳልመንና ቲዎባልድ ስሚዝ በሙቀት የተገደለ ጀርም እርግብን እንደሚያስጥል አሳዩ፤ ሳልመንም እንስሳት ሐኪም ነበር። ለአባ ሰንጋም ቢሆን አሜሪካና እንግሊዝ ለሰው የሚሰጡት የቆየው ክትባት አንድም ጀርም የለበትም፤ ጀርሙ ካደገበት ፈሳሽ ተጣርቶ የተወሰደ ፕሮቲን ነው። ቱሳን ደሙን በወረቀት ሲያጠል የፈለገው ይህንኑ ነበር። መሣሪያው አልነበረውም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ለእንስሳት የምንሰጠው ክትባት በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ማክስ ስተርን በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ኦንደርስተፖርት ላይ ያገኘው፣ የጀርሙ መሸፈኛ የጠፋበት ሕያው ዝርያ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚያመርተው፣ እኛም በየዓመቱ ከብትና በግ የምንከትበው ይህንኑ ነው። ሕያው ነው፣ በዚህ ፓስተርን ይመስላል፤ የፓስተር ዝርያ ግን አይደለም። ፓስተር ጀርሙን በ42 እና በ43 ዲግሪ መካከል ሲያሳድግ ያጠፋበት መርዙን የሚያሠራውን የዘር ክፍል እንደነበር የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እሱም ሳያውቀው ነው የሠራው። ለፓስተር ሲሆን ይህ የሊቅ ስሜት ተብሎ ለቱሳን ሲሆን አለመረዳት የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ፑዪ ለ ፎር ቀረች። ጸሐፊው ክርክሩ የተዘጋው እዚህ ነው ይላሉ። እኔ የምለው ክርክሩ እንደገና የተከፈተው እዚህ ነው።

ጥያቄውን ያቀረበው ኢፖሊት ሮሲኞል የተባለ የሜለን እንስሳት ሐኪም ነው፤ እርሻውም የሱ ነበር፣ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ። የጀርም ነገር ብዙ የማይዋጥለት ሰው ነበርና ፓስተርን በሕዝብ ፊት ይፈተን አለ፤ ፓስተር ተቀበለ። ሜይ 5 ቀን 1881 የመጀመሪያው ክትባት ተሰጠ፣ ሜይ 17 ሁለተኛውና ጠንከር ያለው። ሜይ 31 የተከተቡትም ያልተከተቡትም ገዳዩን ጀርም ተወጉ፤ 24 በግና አንድ ፍየል በዚህ በኩል፣ 24 በግና አንድ ፍየል በዚያ በኩል፤ ከነሱም ጋር አሥር ከብቶች። ጁን 2 ጠዋት ሮሲኞል ራሱ ለፓስተር የድል ዜና በቴሌግራም ላከ። ከቀትር በኋላ ፓስተር ሲደርስ ገበሬው፣ ሐኪሙ፣ ባለሥልጣኑና ጋዜጠኛው ግቢውን ሞልቶታል። ካልተከተቡት 21 በጎችና ፍየሏ በረድፍ ተዘርግተዋል። ሁለት በጎች ሰው እያየ ወደቁ፤ የመጨረሻዋ በዚያው ቀን ማታ ሞተች። ከተከተቡት ያን ዕለት አንድም አልሞተም፤ ከዚያ በኋላ አንዲት እርጉዝ በግ ብቻ ሞታለች። ካልተከተቡት አራት ከብቶች የሞተ ባይኖርም በትኩሳትና በእብጠት ተሠቃዩ፤ የተከተቡት ስድስቱ ደህና ነበሩ። የአባ ሰንጋን አገዳደል በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝና ያ ግቢ ውስጥ የቆመ ገበሬ ምን እንደተሰማው ይገባኛል። ለዚያ ገበሬ ነገሩ ተዘግቷል።

ግን በመርፌው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?

ሕዝቡ የተረዳው፣ ፓስተርም እንዲረዳ የተወው፣ በፌብሩዋሪ ያስታወቀው በኦክስጅን፣ ማለትም ለአየር በማጋለጥ፣ የተዳከመው ክትባት መሆኑን ነው። አልነበረም። የፓስተር ሚስት የእህት ልጅ የነበረውና አብሮት የሠራው አድሪያን ሉዋር በ1930ዎቹ በጻፈው ትዝታ፣ የተወጋው ሻምበርላን ያዘጋጀው፣ በፖታሲየም ዳይክሮሜት የተዳከመው ክትባት እንደነበር ገልጧል። ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። የፓስተር የቤተ ሙከራ ደብተሮች በቤተሰቡ እጅ ቆይተው በ1964 የልጅ ልጁ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ደብተሮቹን መርምረው ጣሊያናዊው አንቶንዮ ካዴዱ በ1980ዎቹ፣ አሜሪካዊው ጄራልድ ጋይሰን ደግሞ በ1995 የሉዋርን ቃል አረጋገጡ። በፓስተር ቤት የተያዘው መዝገብ ራሱ ዳይክሮሜት ይላል።

ዳይክሮሜት ምንድን ነው? ጀርም ገዳይ ኬሚካል ነው። ካርቦሊክ አሲድስ? እሱም ጀርም ገዳይ ኬሚካል ነው። ቱሳን በኦገስት 1880 ሬምስ ላይ የአባ ሰንጋን ጀርም በጀርም ገዳይ ኬሚካል አዳክሞ መከተብ ይቻላል ብሏል። በሜይ 1881 ፑዪ ለ ፎር ላይ ያሸነፈው ክትባት በዚያው መንገድ የተሠራ ነው። አንድ ነው አልልም፤ ሻምበርላን ኬሚካሉን የጨመረው ንጹሕ ሆኖ በተራባ ጀርም ላይ ነው፣ ቱሳን በደም ላይ፤ የሻምበርላን የበለጠ የተስተካከለ ነበር። ነገር ግን በአካሄድ ከፓስተር የኦክስጅን ዘዴ ይልቅ ለቱሳን ይቀርባል። ፓስተር ቱሳንን ዘዴው አስተማማኝ አይደለም ብሎ በአደባባይ ሲነቅፍ፣ በአደባባይ ያሸነፈበት ክትባት ከራሱ ዘዴ ይልቅ ወደ ቱሳን የተጠጋ መሆኑን አልተናገረም። ቱሳን ይህን ሳያውቅ ሞተ። እኔን የሚያመኝ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ፓስተር ሌባ ነው ለማለት አይደለም፤ እንደዚያ የሚጽፉም አሉ፣ አልስማማም። ሻምበርላን ዳይክሮሜቱን ከቱሳን ወሰደ የሚል ሰነድ አላነበብኩም። የኦክስጅኑም ዘዴ ውሸት አልነበረም፤ በኋላ በሰፊው የተሠራጨው ክትባት በሱ መንገድ የተዘጋጀ ነው። ፓስተር ቱሳንን ማመስገኑም እውነት ነው፤ የ1880ው ደብዳቤ አለ። ምስጋናው የመጣው ግን ፉክክሩ ከመጋሉ በፊት ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው። "ቀዳ" የሚለው ይውጣና ጁላይ 12 ቀን 1880 የሚለው ይግባ። ከ20 በጎች አራቱ መሞታቸው ሲጻፍ 16ቱ መዳናቸውም አብሮ ይጻፍ። ስለ ፑዪ ለ ፎር ሲያወሩም ክትባቱ የተዘጋጀው በዳይክሮሜት እንደነበር ይናገሩ። "የፈረስ ሐኪም" የሚለውን ከፈለጉ ይተዉት፤ ከሊዮን እስከ ቱሉዝ የሠራው ሁሉ በዚያ ሙያ ነው፣ እኔም የተመረቅሁት በዚያው ነው።